ለሁሉም የሚያገለግል ፕሮቲን እንዴት ለካንሰር ያደላል? ነገሩ ወረፋው ላይ ነው

ጥያቄው፦ «የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ካንሰር የዲኤንኤ በሽታ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ሰሞኑን ደግሞ ኢአይኤፍ4ኢ የሚባል ፕሮቲን መብዛቱ ብቻውን ሴልን ወደ ካንሰር ይለውጣል የሚል ነገር አነበብኩ። ይሄ ፕሮቲን ግን ለሁሉም ኤምአርኤንኤ ነው የሚያገለግለው። ለሁሉም እኩል የሚያገለግል ነገር እንዴት ለካንሰር ለይቶ ይጠቅማል? ካንሰር ብዙ ፕሮቲን ማምረት ከፈለገስ ማምረቻውን በመድኃኒት ዘግቶ መገላገል አይቻልም? ደግሞ አክስቴ የካንሰር ሕክምና ላይ ናት፤ ፕሮቲን ያለው ምግብ ትቀንስ ወይ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አክስትህ ፕሮቲን አትቀንስ። ሐኪሟ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በኩላሊት ችግር፣ «ቀንሺ» ካላላት በቀር አትቀንስ። እዚህ የምናወራው ሴል ውስጥ ስለሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ ሳህን ላይ ስለሚቀርበው አይደለም። የተበላው ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ምግቡ ሲጎድል ሰውነት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ አሚኖ አሲዱን ወደ ደም ይለቃል፣ ዕጢውም ከዚያው ይቀዳል። የምትከሳው እሷ ናት እንጂ ዕጢው አይደለም። ለካንሰር ታማሚ ደግሞ ጡንቻ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፣ ኬሞውን መቋቋም የሚያቅተው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር ለካንሰር ታማሚ የሚመክረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለም እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። «ለሁሉም እኩል የሚያገለግል» ያልከው ላይ ነው ነገሩ የተሳተው። ለሁሉም ያገለግላል፣ አዎ። እኩል ግን አያገለግልም።

ኤምአርኤንኤ፣ የጂኑን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን ማምረቻው የሚያደርሰው መልእክት፣ ከኒውክሊየስ ሲወጣ አናቱ ላይ ቆብ ደፍቶ ነው። በኬሚስትሪ ቋንቋ ሰባተኛ ቦታው ላይ ሜቲል የተለጠፈበት ጓኖሲን ነው፤ ላብ ውስጥ ሁሉም «ካፕ» ነው የሚለው። ያነበብከው ኢአይኤፍ4ኢ፣ እኛ አሳጥረን ፎር-ኢ የምንለው፣ ሥራው ይህን ቆብ ጨብጦ መያዝ ነው። ብቻውን ግን የትም አይደርስም። ጀርባው ላይ ፎር-ጂ የሚባል ግዙፍ ፕሮቲን ይጣበቃል፣ ፎር-ጂ ደግሞ ፎር-ኤን ይዞ ይመጣል። ፎር-ኤ ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ የተቋጠረ አርኤንኤ የሚፈታ ሞተር ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ፕሮቲን የሚገጣጥመው ማሽን የራይቦዞም ትንሿ ክፍል፣ የመጀመሪያዋን አሚኖ አሲድ ሜቲዮኒንን ከተሸከመው ኢአይኤፍ2 ጋር ሆና፣ መልእክቱ ላይ ትሳፈራለች። ከቆቡ ተነስታ መነሻዎቹን ሦስት ፊደሎች፣ ኤ-ዩ-ጂን፣ እስክታገኝ ትጓዛለች። ስታገኛቸው ትልቁ ክፍል መጥቶ ይገጠምና ሥራ ይጀመራል። በመሃል ሌሎች ብዙ ረዳት ፕሮቲኖች (ፋክተሮች) አሉ፣ ለፈተናህ አጥናቸው፣ ለዛሬው ጉዳያችን ግን እነዚህ ይበቃሉ።

ከቆቡ እስከ ኤ-ዩ-ጂ ያለችውን መንገድ መንደርደሪያ ልበላት። ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህች መንደርደሪያ ላይ ነው። እንደ አክቲን ያሉ የዕለት ተዕለት ፕሮቲኖች መልእክታቸው መንደርደሪያው አጭርና ገላጣ ነው፤ ራይቦዞም እንቅፋት ሳያገኛት ታልፋለች። ሌሎቹ ግን ረጅም፣ በጂና በሲ ፊደሎች የተሞላ፣ በራሱ ላይ ተጣጥፎ የተቋጠረ መንደርደሪያ አላቸው፤ ያንን ለመፍታት ፎር-ኤ ደጋግሞ መምጣት አለበት፣ ፎር-ኤ እንዲመጣ ደግሞ ፎር-ኢ ቆቡን ይዞ መቆየት አለበት።

አንድ በር ላይ ረጅም ወረፋ አለ እንበል፣ አስገቢዎቹ ጥቂት ናቸው። ባዶ እጁን የመጣው ሹልክ ብሎ ይገባል። ትልቅ ሻንጣ የሚጎትተው እዚያው ይቆማል። አሁን አስገቢዎቹን ጨምራቸው። ማን ተጠቀመ? ባዶ እጁን የመጣው አይደለም፣ እሱ ድሮም ይገባ ነበር። ባለ ሻንጣዎቹ ናቸው የተጠቀሙት። ሴል ውስጥ ሻንጣ የሚጎትቱት እነማን ናቸው ብለህ ስትጠይቅ ነው ነገሩ የሚያስደነግጠው፦ ሴል እንዲከፈል የሚገፋው ሚክ፣ የመከፈሉን ዑደት የሚያስጀምረው ሳይክሊን ዲ1፣ የደም ሥር ወደ ዕጢው የሚጠራው ቪኢጂኤፍ፣ ሴል እንዳይሞት የሚከላከሉት ኤምሲኤል-1 እና ሰርቫይቪን። ጤነኛ ሴል በልክ የሚያወጣቸው፣ ሲበዙ አደጋ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ፎር-ኢ ሲበዛ የሴሉ ጠቅላላ የፕሮቲን መጠን ያን ያህል ላይጨምር ይችላል። የሚለወጠው ስብጥሩ ነው። ተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ይሄ ነው፣ «ካንሰር ብዙ ፕሮቲን ይሠራል» ብለው ይይዙትና ዋናው ነገር ያመልጣቸዋል።

አንተ ያነበብከው ሙከራ የ1990 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የናሁም ሶነንበርግ ላብ ነው የሠራው። ኤንአይኤች 3ቲ3 የሚባሉ የአይጥ ሴሎች ውስጥ ፎር-ኢን አበዙ። ሴሎቹ መደራረብ ጀመሩ፣ መሬት ሳይቆነጥጡ ለስላሳ አጋር በሚባል ጄሊ መሰል ነገር ውስጥ አደጉ፣ በሽታ የመከላከል አቅም የሌላቸው አይጦች ላይ ሲወጉ ዕጢ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ካንሰር ሲባል ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ጂን መብራትና መጥፋት ነበር፤ የፕሮቲን ማምረቻው እንደ መብራትና ውኃ አገልግሎት ነበር የሚታየው፣ ሁሌም ያለ፣ ማንንም የማይመርጥ። ያ ሙከራ ይህን አስተሳሰብ ነቀነቀው።

በ2004 ደግሞ ፎር-ኢ የበዛባቸው አይጦች ራሳቸው ሊምፎማና ሌሎች ዕጢዎች አወጡ። እዚህ ላይ ልብ የምትለው ነገር አለ። ሚክ ብቻውን ሲበዛ ሴሉ አንድ ችግር እንዳለ ይገባውና ራሱን ያጠፋል። ፎር-ኢ ብቻውን ሲበዛ ደግሞ ሴሉ ያረጃል፣ መከፈል ያቆማል። ሁለቱ ሲገናኙ ፎር-ኢ ራስን ማጥፋቱን ያስቀራል፣ ሚክ እርጅናውን ያስቀራል። አንዱ የሌላውን ገመና ይሸፍናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሚክ የፎር-ኢን ጂን ያበራል፣ ፎር-ኢ የሚክን መልእክት ያስተረጉማል። እንዲህ ያለ ዙር አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያው ከባድ ነው።

እኔን በግሌ ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን የ2015ቱ ሥራ ነው። ከሁለቱ የፎር-ኢ ጂኖች አንዷ የጠፋችባቸው አይጦች ተሠሩ፣ ፎር-ኢያቸው ግማሽ ነው። ይታመማሉ ተብሎ ነበር የተጠበቀው? ምንም አልሆኑም። በደንብ ተወለዱ፣ አደጉ፣ ጠቅላላ የፕሮቲን ሥራቸውም ከሌሎቹ ብዙ አልተለየም። ካንሰር አምጪ ጂኖች ሲጨመሩባቸው ግን ሴሎቻቸው ወደ ካንሰር አልለወጥ አሉ፣ የሳንባ ዕጢያቸውም አነሰ። ይህ የሚነግርህ ጤነኛ ሕይወት ግማሹ ፎር-ኢ እንደሚበቃት ነው። ቀሪውን ግማሽ አጥብቆ የሚፈልገው ካንሰሩ ነው። ከሚጎድሉት መልእክቶች መካከል ሴሉን ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከሉ ይገኙበታል፤ በፍጥነት የሚያድግ ሴል ያለ እነሱ በራሱ ጭስ ይታፈናል።

ታዲያ ካንሰር የዲኤንኤ በሽታ መሆኑ ቀረ? አልቀረም። ፎር-ኢ ራሱ ሚውቴሽን ይዞ የሚገኝበት ጊዜ ብርቅ ነው። የሚሆነው፣ ሚውቴሽኑ ሌላ ቦታ ይከሰትና ትእዛዙ እዚህ ይደርሳል። ፒቴን የሚባለው ፍሬን ሲጠፋ፣ ፒአይ3 ካይኔዝ ወይም «ራስ» የሚባሉት የእድገት ምልክት አስተላላፊዎች በሚውቴሽን ሳያቋርጡ ሲበሩ፣ ምልክቱ ወርዶ ወርዶ ኤምቶር የሚባል ኤንዛይም ላይ ያርፋል። ኤምቶር ደግሞ በቀጥታ ከፎር-ኢ ጠባቂ ጋር ነው የሚነጋገረው። ጠባቂው ፎር-ኢ-ቢፒ ይባላል። ፎር-ጂ የሚጣበቅባትን ያቺኑ የፎር-ኢ ጀርባ ቀድሞ ይይዛታል፤ እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ፎር-ኢ ቆቡን ቢይዝም ሥራ አይጀመርም። ኤምቶር ሲነቃ ጠባቂው ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፍበታል፣ ጠባቂው ይወድቃል፣ ፎር-ጂ ይገባል። «ራስ» በሌላ በኩል ኤምኤንኬ በሚባሉ ካይኔዞች (ፎስፌት ለጣፊ ኤንዛይሞች) አማካይነት ፎር-ኢ ራሱ ላይ፣ 209ኛዋ ሴሪን ላይ፣ ፎስፌት ያስለጥፋል፤ ይህም ለካንሰሩ ይረዳዋል። እንግዲህ የካንሰር ጂን ብለህ የምታውቃቸው ብዙዎቹ መንገዳቸው የተለያየ ቢሆንም መውጫቸው እዚሁ በር ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ ወሬ እንዳይመስልህ፣ በዓይን ይታያል። ቆቡ የተለጠፈባቸው ጥቃቅን ዶቃዎች አሉ፣ ይሸጣሉ። ሴሎቹን ትሰብርና ጭማቂውን ከዶቃዎቹ ጋር በ4 ዲግሪ እያሽከረከርክ ታቆየዋለህ። ፎር-ኢ ቆቡን ያውቀዋል፣ ዶቃው ላይ ይቀራል። የቀረውን ታጥብና ፎር-ኢ ማንን ይዞ እንደቀረ ታያለህ። ሲረም፣ ማለትም ለሴሎች የሚሰጠውን የደም ፈሳሽ፣ ጠግበው ካደሩ ሴሎች የወጣ ከሆነ ፎር-ጂን ይዞ ታገኘዋለህ። ሲረም ተነፍገው ካደሩት ከሆነ ፎር-ኢ-ቢፒን ይዞ ነው። አንዱ ሲበዛ ሌላው ያንሳል፣ አንድ ፎር-ኢ ሁለቱን ባንዴ ሊይዝ አይችልምና። ፎር-ኢ-ቢፒን ብቻውን ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ለያይቶ በመስመር የሚያሳይ ዘዴ) ላይ ስታየው ደግሞ ሦስት መስመር ሆኖ ይወጣል፦ የታችኛው ፎስፌት የሌለበት፣ የላይኛው በፎስፌት የተሸከመ። ኤምቶሩ ሳያቋርጥ የሚሠራ የካንሰር ሴል ውስጥ ሁሉም ወደ ላይኛው መስመር ይሰበሰባል። የመጀመሪያ ቀን ያንን ሳይ «በቃ ጠባቂዎቹ በሙሉ ተባረዋል» ነበር ያልኩት።

ሌላም መንገድ አለ፣ ፖሊዞምን፣ ማለትም ብዙ ራይቦዞም የተሳፈረበትን መልእክት፣ መለየት ነው። ራይቦዞሞች መልእክቱ ላይ እንዳሉ ሳይክሎሄክሲማይድ በሚባል መድኃኒት ባሉበት ታስቆማቸዋለህ፤ ከዚያ ከላይ 10 በመቶ፣ ከታች 50 በመቶ ስኳር ባለው ቱቦ ላይ ታፈስና በደቂቃ 40 ሺህ ጊዜ በሚዞር ሴንትሪፉጅ ሁለት ሰዓት ያህል ታሽከረክረዋለህ። ብዙ ራይቦዞም የተሳፈረበት መልእክት ከባድ ነው፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ማንም ያልተሳፈረበት ላይ ይንሳፈፋል። ኤምቶርን ስትዘጋ የአክቲን መልእክት ብዙም ሳይነቃነቅ እታች ይቀራል፣ የሳይክሊን ዲ1 መልእክት ግን ወደ ላይ ይወጣል። ያንን ያየ ሰው ስለ ወረፋው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

በዚሁ መሣሪያ መሳቂያ ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ ሴሎቹን ሳጥብ ሳይክሎሄክሲማይዱን ረሳሁት፣ በዚያ ላይ ስልክ ተደውሎልኝ ሞቅ ያለ ማጠቢያ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ውጤቱ ሲወጣ ፖሊዞሙ ድራሹ ጠፍቷል። የምሞክረው መድኃኒት ተአምር የሠራ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ ለአለቃዬ አሳየሁ። እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኮንትሮሉስ?» መድኃኒት ያልነካው ኮንትሮሉም ያው ነበር፣ ሜዳ። ራይቦዞም በሰከንድ 5 ወይም 6 አሚኖ አሲድ ነው የሚያያይዘው፤ መካከለኛ ፕሮቲን ጨርሶ ለመውረድ ከደቂቃ ብዙም አይበልጥም። እኔ ስልክ ሳወራ ሁሉም ሥራቸውን ጨርሰው ወርደዋል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄህ፦ ማምረቻውን ዘግቶ መገላገል። ተሞክሯል፣ በከፊል ይሠራል፣ ግን እንዳሰብከው አይደለም።

ሙሉ በሙሉ መዝጋት ማለት መግደል ነው። ዲፍቴሪያ የሚገድለው እንዲህ ነው፦ መርዙ ኢኢኤፍ2 የሚባለውን፣ ራይቦዞሟን ሦስት ሦስት ፊደል የሚያራምደውን ፋክተር፣ ያሰናክለዋል። አንዲት የመርዝ ሞለኪውል ሴሉ ውስጥ ከገባች ሴሉን ለመግደል ትበቃለች። ይህንኑ መርዝ ኢንተርሉኪን-2 ከሚባል የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው፣ የዚያ ተቀባይ ያለባቸው የካንሰር ሴሎች ብቻ እንዲውጡት አድርገው መድኃኒት ሠሩበት። በ1999 በአሜሪካ ለቆዳ ቲ-ሴል ሊምፎማ ጸድቋል። አድራሻ ካለው መርዝም መድኃኒት ይሆናል፤ አድራሻ ከሌለው ግን መቅኒውንና የአንጀት ሽፋኑን አብሮ ነው የሚያጠፋው።

ሌላው መላ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጉ ፍሬን መያዝ ነው። ኤምሲኤል-1 ያልኩህ ፕሮቲን ዕድሜው አጭር ነው፣ ከተሠራ በኋላ ቶሎ ይፈርሳል። ማምረቻው ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ዕድሜያቸው የረዘመ ፕሮቲኖች ምንም አይሆኑም፣ ኤምሲኤል-1 ግን ተሟጦ ያልቃል። ሕይወቱን በኤምሲኤል-1 ላይ ያንጠለጠለ የደም ካንሰር ሴል ያኔ ይሞታል። ኦማሴታክሲን የሚባለው፣ ራይቦዞሟ ላይ ተቀምጦ ሥራ የሚያደናቅፈው መድኃኒት፣ በ2012 ሌሎች መድኃኒቶች እንቢ ላሏቸው የክሮኒክ ማየሎይድ ሉኬሚያ ታማሚዎች የጸደቀው በዚህ መንገድ የሚሠራ ሆኖ ነው።

ኤምቶርን የመዝጋቱ ታሪክ ረጅም ነው። በ1964 ከካናዳ የሄደ የሕክምና ቡድን ከኢስተር ደሴት አፈር ይዞ መጣ። አፈሩ ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ ፈንገስ የሚገድል ኬሚካል ወጣ፣ በደሴቲቱ የአገሬው ስም በራፓ ኑይ ራፓማይሲን ተባለ፣ በ1975 ለሕትመት በቃ። ምን እንደሚመታ የታወቀው ግን በ1991 በስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ፣ እርሾ ላይ በተሠራ ጥናት ነው፤ ኤምቶር ስሙን ያገኘውም ከዚያ ነው። ከራፓማይሲን የተወለደው ቴምሲሮሊመስ በ2007 ለኩላሊት ካንሰር ጸደቀ። በፈተናው ላይ አስከፊ ደረጃ የደረሱ ታማሚዎችን መካከለኛ ዕድሜ በኢንተርፌሮን ከተገኘው 7.3 ወር ወደ 10.9 ወር አደረሰው። በጎ ነው፣ ግን ከተስፋው አንጻር ትንሽ ነው። ለምን ትንሽ ሆነ? አንዱ ምክንያት ራፓማይሲንና ልጆቹ ኤምቶርን እኩል አለመዝጋታቸው ነው። ሌሎች ሥራዎቹን በደንብ ያቆሙለታል፣ ፎር-ኢ-ቢፒ ላይ ፎስፌት መለጠፉን ግን ብዙ ሴሎች ውስጥ በከፊል ብቻ ነው የሚያስቆሙት። በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል። አንዳንዱ ካንሰር ደግሞ ጭራሽ ፎር-ኢ-ቢፒን ራሱን ያጠፋዋል፤ ጠባቂ ከሌለ ጠባቂውን የሚያባርረውን ብትከለክል ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ወደ በሩ ራሱ መሄድ የሚሻል ይመስለኛል። ፎር-ኤ ላይ የሚሠሩ ከአግላያ ዛፎች የተገኙ ሮካግላማይድና ሲልቬስትሮል አሉ፤ ፎር-ኤን የሚዘጉት ኤና ጂ ፊደሎች ከበዙበት አርኤንኤ ጋር አጣብቀው በማስቀረት ነው፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ተገትሮ ሌላውንም ያስቆማል። ከነሱ ተነስቶ የተሠራው ዞታቲፊን በሰው ላይ ተሞክሯል። ፎር-ኢን ወይም ፎር-ኤን በቀጥታ የሚመታ ለካንሰር የጸደቀ መድኃኒት ግን ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ የለም። ፎር-ኢ ቆቡን የሚይዝባት ጉድጓድ ኤሌክትሪክ የተሞላች ስለሆነች እሷን የሚገጥም ነገር ወደ ሴል ውስጥ መግባት ያቅተዋል፣ የሚገባው ደግሞ በደንብ አይገጥማትም። የመድኃኒት ኬሚስቶች ራስ ምታት ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ብቀር ግማሹን እንደነገርኩህ ነው። ካንሰር ሁልጊዜ ማምረቻውን ወደ ላይ ብቻ አይገፋም። ዕጢ መሃሉ ላይ ኦክስጅን የለም፣ ምግብ የለም። እንደዚያ ሲሆን ኢአይኤፍ2 ላይ፣ 51ኛዋ ሴሪን ላይ፣ ፎስፌት ይለጠፋል፤ ፐርክ፣ ጂሲኤን2፣ ፒኬአር እና ኤችአርአይ የሚባሉ አራት ካይኔዞች ናቸው የሚለጥፉት፣ እያንዳንዱ የየራሱን ጭንቀት እየሰማ። ጠቅላላ ምርቱ ይወርዳል። በዚያው መሃል ግን ኤቲኤፍ4 የሚባለው መልእክት ይባስ ይነቃል፤ መንደርደሪያው ላይ ራይቦዞሟን የሚያታልሉ የውሸት መነሻዎች ስላሉት ሥራው የሚሰምርለት ሌላው ሲደክም ነው። ኤቲኤፍ4 አሚኖ አሲድ የሚያስገቡና የሚሠሩ ጂኖችን ያበራል፣ ሴሉ ክፉ ቀኑን ያልፋል። ኢኢኤፍ2 ካይኔዝም እንዲሁ ነው፤ ረሃብ ሲመጣ የኢኢኤፍ2ን እግር ይይዝና ጉልበት እንዲቆጠብ ያደርጋል፣ በ2013 እንደታየው ይህን የሚችል ዕጢ ረሃብን ይቋቋማል። እና አንዱን ፋክተር ስትመታ የቱ ዕጢ፣ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ካላወቅህ ዕጢውን ልትጠቅመው ትችላለህ። ይህን የምልህ «የፕሮቲን ሥራ ማቆሚያ» እየተባለ በየቦታው የሚሸጥ ዱቄትና ክኒን ስላለ ነው። አክስትህ ወደዚያ አትጠጋ።

ሌሎቹን ፋክተሮች ባጭሩ ልንካቸው። ኢኢኤፍ1ኤ2 አዋቂ ሰው ውስጥ በተለምዶ ጡንቻ፣ ልብና ነርቭ ላይ ነው የሚገኘው፣ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ላይ ግን ያለ ቦታው ተገኝቷል። ኢአይኤፍ3 አሥራ ሦስት ክፍል ያለው ግዙፍ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ክፍሉ በካንሰር ይበዛል፣ ሌላው ይጎድላል፣ አንድ ፍርድ ልትሰጠው አትችልም። ፒዲሲዲ4 ፎር-ኤን አንቆ የሚይዝ የካንሰር ተከላካይ ነው፣ ብዙ ዕጢዎች ማይክሮ አርኤንኤ-21 የሚባለውን መልእክት አፋኝ ትንሽ አርኤንኤ አብዝተው ያስወግዱታል። ኢአይኤፍ1ኤኤክስ ደግሞ ፋክተሩ ራሱ በሚውቴሽን የሚመታበት ብርቅ ምሳሌ ነው፣ የዓይን ሜላኖማ ላይ ይገኛል፤ የሚገርመው ይህ ሚውቴሽን ያለባቸው ታማሚዎች ባብዛኛው ዕጣቸው የተሻለ ነው።

ዳይመንድ-ብላክፋን አኒሚያን ግን ለብቻው አንብበው። የራይቦዞም ፕሮቲን ጂናቸው ግማሽ ሆኖ የሚወለዱ ልጆች ናቸው። ቀይ የደም ሴል በበቂ መሥራት ያቅታቸዋል፣ እድገታቸውም ይዘገያል። ማምረቻቸው ደካማ ነውና ካንሰር ይርቃቸዋል ብለህ ትገምት ይሆናል። በተቃራኒው የካንሰር ስጋታቸው ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። የምርቱን መጠን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሊያስረዳ አይችልም። ወረፋውን ለሚያይ ግን ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ ራይቦዞም ሲያንስም ማን ይገባል ማን ይቀራል የሚለው ይለወጣል።

ወደ አክስትህ ልመለስ። የካንሰሯን ዓይነት አልነገርከኝም። የመድኃኒት ዝርዝሯን እይላት፣ ኤቨሮሊመስ የሚል ካለበት ያ ያወራነው የራፓማይሲን ልጅ ነው፤ ለኩላሊት ካንሰር ከ2009 ጀምሮ፣ ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ይሰጣል። አፍ ያቆስላል፣ የደም ስኳርና ቅባት ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ደሟ በየጊዜው መታየት አለበት። የአፍ ቁስሉ ሲመጣ መብላት እንዳታቆም ቶሎ ይነገር፣ ማጉመጥመጫ አለው። ደረቅ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከጀመራት ግን ቀጠሮዋን አትጠብቅ፣ መድኃኒቱ ሳንባ ሊያስቆጣ ይችላልና በዚያው ቀን ለሐኪሟ ትደውል።